ከደመወዝ ጋር አይደመርም፦ ስለ አክሲዮን፣ ወለድና ኪራይ ግብር ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የኢትዮ ቴሌኮም የአክሲዮን ሽያጭ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ተጀምሮ የካቲት 7 ተዘጋ። በመካከሉ ጥር 2 ቀን የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ በባሕር ዳር ስለ አክሲዮን የሚጠይቀው ነጋዴው ብቻ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ ቡናውን ሸጦ ጥቂት ያስቀመጠ የዘጌ ገበሬም ይጠይቃል። ጥያቄውን ለመመለስ ተብሎ ለጀማሪዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። ጸሐፊው ሰው ሳያውቅ ዕዳ ውስጥ እንዳይገባ አስበው መጻፋቸው ያስመሰግናቸዋል። የሰጡት ምክር ግን በአብዛኛው የሌላ አገር የግብር ሕግ ነው። ያንን የተከተለ ሰው አንድም የሌለበትን ግብር ሲፈራ ይኖራል፣ አንድም ያለበትን ሳይከፍል ቅጣት ይከመርበታል።

ጽሑፉ በአጭሩ የሚለው ይህ ነው፦ ገቢ ሁሉ ተደምሮ ግብር ይሰላል፤ አክሲዮንን በቤተሰብ ስም መከፋፈል ግብር ይቀንሳል፤ የባንክ ወለድ ግብር የለበትም፤ ከመንግሥት ድርጅት የሚገኝ የትርፍ ድርሻም እንዲሁ፤ አክሲዮንን ከአንድ ዓመት በላይ ይዞ የሸጠ በግማሽ ይከፍላል፤ ኪሳራ ከደመወዝ ግብር ይቀነሳል፤ የቤት ኪራይ 35 በመቶ ይከፈልበታል፤ ዕቁብና ውርስ ግብር አለባቸው፤ ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ እስኪጠየቅ ይጠብቅ። እያንዳንዱን እናየዋለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ምጣኔዎች ሁሉ ይህ ምላሽ በተጻፈበት በመጋቢት 2017 ሥራ ላይ የነበሩት የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 እና የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ምጣኔዎች ናቸው። በሐምሌ 2017 የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከእነዚህ ምጣኔዎች በርካታውን ስለለወጠ፣ ከዚያ በኋላ የሚሸጥም ሆነ የሚያሳውቅ ሰው የዕለቱን ምጣኔ ይጠይቅ።

«ደመወዝዎ፣ የትርፍ ድርሻዎና ኪራይዎ ተደምረው ግብሩ ይሰላል»

የጽሑፉ ስህተቶች በአብዛኛው ከዚህ አንድ ሐሳብ ይመነጫሉ። የእኛ የገቢ ግብር ሰውየውን ይዞ «በጠቅላላ ስንት አገኘህ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ገቢው ከየት እንደመጣ ነው። አዋጁ ገቢን በአምስት ሠንጠረዥ ይከፍለዋል፦ «ሀ» የመቀጠር ገቢ፣ «ለ» የቤት ኪራይ፣ «ሐ» የንግድ ሥራ፣ «መ» ሌሎች ገቢዎች፣ «ሠ» ከግብር ነፃ የሆኑ። የጀማሪ ባለአክሲዮን ገቢ፣ ማለትም የትርፍ ድርሻ፣ ወለድና ከአክሲዮን ሽያጭ የሚገኝ ጥቅም፣ የሚወድቀው «መ» ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ሠንጠረዥ የራሱ ምጣኔ፣ የራሱ አሰባሰብና የራሱ ኪሳራ አለው።

በወር 12,000 ብር ደመወዝ ያላትን መምህርት እንውሰድ። በመጋቢት 2017 ከ10,900 ብር በላይ የሆነ የወር ደመወዝ ሲሰላ በ35 በመቶ ተባዝቶ 1,500 ብር ይቀነስለት ነበር። ስለዚህ የወር ግብሯ 2,700 ብር ነበር። በዓመቱ ከባንክ አክሲዮኗ 12,000 ብር የትርፍ ድርሻ ቢደርሳት በጽሑፉ ስሌት ይህ ገንዘብ በደመወዟ ላይ ተደርቦ በ35 በመቶ 4,200 ብር ያስከፍላታል። በዚያን ጊዜው ሕግ ግን የትርፍ ድርሻ ግብር 10 በመቶ ነበር፤ የሚቆረጥባት 1,200 ብር ብቻ ነበር። እሱንም ባንኩ ቀንሶ ያስቀራል፣ በዚያው ያበቃል። የመጨረሻ ግብር ስለሆነ በዓመቱ መጨረሻ የምትሞላው ቅጽ የለም፣ የደመወዝ ግብሯም በአንድ ሳንቲም አይለወጥም።

ጀማሪን ግራ የሚያጋባ አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን እናንሳ። ፊደሎቹ በሦስት ቦታ ይመጣሉ። ሠንጠረዥ «ሀ» ደመወዝ ነው። ደረጃ «ሀ» በዓመታዊ ሽያጩ ትልቅ የሆነ ግብር ከፋይ ነው። ምድብ «ሀ» ደግሞ በሠንጠረዥ «መ» ሥር ቤትና ሕንፃን የመሰለ የማይንቀሳቀስ ሀብት ነው። ጽሑፉ ሦስቱን እያቀላቀለ ስለተጠቀመባቸው አንዳንድ አንቀጾቹን አስተካክሎ ማንበብ እንኳ ያስቸግራል።

«አክሲዮኑን በባለቤትዎና በልጆችዎ ስም ቢከፋፍሉት ግብሩ ይቀንሳል»

ግብሩ እንደ ገቢው መጠን እየጨመረ ቢሄድ ኖሮ ምክሩ ስሜት ይሰጥ ነበር። የትርፍ ድርሻ ግብር ግን ለአንድ ሺህም ለአንድ ሚሊዮንም ያው 10 በመቶ ነው። 40,000 ብር የትርፍ ድርሻ በአንድ ስም 4,000 ብር ያስቆርጣል፤ በአራት ስም ቢከፈል ከእያንዳንዱ 10,000 ላይ 1,000፣ በድምሩ 4,000። የተገኘ ጥቅም የለም።

ጉዳቱ ግን አለ። በልጁ ስም የገዛ አባት በኋላ ገንዘቡ ቢያስፈልገው የሚሸጠው በልጁ ፊርማ ነው። ልጁ አካለ መጠን ካልደረሰ ደግሞ የሞግዚትነት ማስረጃ ይመጣል፣ ፍርድ ቤት ይመጣል። አክሲዮኑን ወደ ራሱ ስም ለመመለስ ቢፈልግም ያ ራሱ የሀብት ዝውውር ነው። የተገዛው ለልጁ ታስቦ ከሆነ በልጁ ስም ይሁን፤ ግብር ለመቀነስ ተብሎ ግን አይሁን።

«የባንክ ወለድ ግብር የለበትም፤ ማንም ጠይቆን አያውቅም»

ማንም ያልጠየቀው ባንኩ አስቀድሞ ስለሚቆርጥ ነው። የሂሳብ መግለጫ አስወጥታችሁ የወሩን መጨረሻ ተመልከቱ። ወለድ የገባበት መስመር አለ፤ ከሥሩ ወይም ከጎኑ ከወለዱ 5 በመቶ የሆነች ትንሽ ተቀናሽ አለች። ግብሩ እሷ ናት። በ7 በመቶ ወለድ ዓመቱን ሙሉ የተቀመጠ 200,000 ብር 14,000 ብር ወለድ ያስገኛል። 700 ብር ግብር ይወጣል፣ 13,300 በእጅ ይቀራል። የጊዜ ገደብ ተቀማጭ የምታነጻጽሩ ሰዎች የሚነገራችሁ ምጣኔ ግብሩ ከመቀነሱ በፊት ያለው መሆኑን አትርሱ።

ጽሑፉ ያላነሳው ትልቁ ጉዳይ ሌላ ነው። 5 በመቶው አገር ውስጥ ባለ የፋይናንስ ተቋም ለተቀመጠ ገንዘብ ነው። ከዚያ ውጭ ያለ ወለድ፣ ለምሳሌ ባለአክሲዮኑ ለራሱ ኩባንያ አበድሮ የሚያገኘው፣ 10 በመቶ ነው። በባሕር ዳር ነጋዴዎች ተሰባስበው የገበያ ማዕከል ወይም ሆቴል ለመሥራት አክሲዮን ማኅበር ያቋቁማሉ፤ ግንባታው መሀል ላይ ገንዘብ ሲያጥር አባላት ያበድራሉ፣ ወለድም ይከፈላቸዋል። ግብሩን ቀንሶ ማስቀረት የከፋዩ ማኅበር ግዴታ ነው። ሒሳብ ያዡ ሳይቀንስ ከከፈለ ዕዳው ወደ ማኅበሩ፣ ማለትም ዞሮ ወደ ባለአክሲዮኖቹ ይመጣል። ብድር ስትሰጡ በቃለ ጉባኤ ብቻ አትተዉት። ውል ይጻፍ፣ ወለዱ በቁጥር ይቀመጥ፣ በየክፍያው የተቀነሰው ግብር ማስረጃ ይሰጣችሁ።

«ኢትዮ ቴሌኮም የመንግሥት ስለሆነ ትርፉ ግብር የለበትም»

የኩባንያው ባለቤት መንግሥት መሆኑ የእናንተን የትርፍ ድርሻ ነፃ አያደርገውም። ዝቅተኛውን 33 አክሲዮን በ300 ብር፣ በድምሩ በ9,900 ብር የገዛም ሆነ ከፍተኛውን 3,333 አክሲዮን በ999,900 ብር የገዛ ሰው የትርፍ ድርሻ ሲከፈለው 10 በመቶው ይቀነሳል። እሱም የመጨረሻ ነው።

ጸሐፊው እዚህ ላይ «ግብሩ ሁለት ጊዜ ነው» ማለታቸው ትክክል ነው፤ ስሌቱን ስላላሳዩት እኛ እናሳየው። አንድ ባንክ ግብር ሳይከፍል 100 ብር ቢያተርፍ 30 ብሩ የንግድ ትርፍ ግብር ነው። ከቀሪው 70 ብር ላይ ሩቡ፣ 17 ብር ከ50፣ ለሕጋዊ መጠባበቂያ ይቀመጣል። ይህ የባንኩ መጠባበቂያ ከካፒታሉ ጋር እስኪተካከል ድረስ የሚቀጥል ግዴታ ነው። 52 ብር ከ50 ለክፍፍል ይቀርባል። ጠቅላላ ጉባኤው ሁሉንም ለማከፋፈል ቢወስን 5 ብር ከ25 የትርፍ ድርሻ ግብር ተቀንሶ ባለአክሲዮኖች እጅ የሚገባው 47 ብር ከ25 ነው። ስለዚህ በዓመታዊ ሪፖርት ላይ «የአንድ አክሲዮን ትርፍ ይህን ያህል ነው» የሚለውን ቁጥር እንደ ኪስ ገንዘብ አትቁጠሩት። ዓመቱ ከገባ በኋላ የገዛችሁ ወይም ክፍያውን ያላጠናቀቃችሁ ከሆነም የሚደርሳችሁ በከፈላችሁት መጠንና ገንዘቡ በቆየበት ጊዜ ልክ ነው። ከጠበቃችሁት አንሶ ብታዩት በቅድሚያ ይህን አስሉ፤ ሁሉም ጉድለት ከግብር የመጣ አይደለም።

«አክሲዮንን ከዓመት በላይ ይዞ የሸጠ በግማሽ ይከፍላል»

በአዋጅ 979/2008 ይህን የሚል የለም። አንድ ወር ይያዝ አሥር ዓመት፣ ምጣኔው አንድ ነው። አንቀጽ 59 ሀብትን በሁለት ምድብ ይከፍላል፦ ምድብ «ሀ» የማይንቀሳቀስ ሀብት፣ በመጋቢት 2017 ምጣኔው 15 በመቶ የነበረ፤ ምድብ «ለ» አክሲዮንና ቦንድ፣ 30 በመቶ የነበረ። ጽሑፉ ለሁሉም 15 በመቶ ብሎ መጻፉ ብዙ ሰው የሚያስደነግጥ ሂሳብ ውስጥ ይከታል፤ ሻጩ 15 ሲያስብ የሚጠየቀው እጥፉን ነበር።

30 በመቶ የሚከፈለው ግን በሽያጩ ዋጋ ላይ አይደለም፤ በጥቅሙ ላይ ነው። ጥቅም ማለት ከሽያጩ ዋጋ ላይ ያወጣችሁት ወጪ ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ገንዘብ የሚጠፋውም እዚህ ነው። ከባንክ አክሲዮን ስትገዙ የተሰጣችሁን ደረሰኝ አውጥታችሁ እዩት። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ መስመር አለው፦ የአክሲዮኑ የተጻፈ ዋጋ፣ ፕሪሚየም (ከተጻፈው ዋጋ በላይ የሚከፈል ጭማሪ)፣ የአገልግሎት ክፍያ። ሠርተፍኬቱ ላይ የሚታየው የመጀመሪያው ብቻ ነው። 50 አክሲዮን እያንዳንዳቸው በ1,000 ብር፣ በላዩ 200 ብር ፕሪሚየም፣ በጠቅላላው 2,000 ብር የአገልግሎት ክፍያ ከፍላችሁ ከሆነ ወጪያችሁ 50,000 ሲደመር 10,000 ሲደመር 2,000፣ 62,000 ብር ነው። በ1,700 ሒሳብ ብትሸጡ 85,000 ብር ታገኛላችሁ። ጥቅሙ 23,000፣ ግብሩ 6,900 ብር ነው። ደረሰኙ ጠፍቶ ሠርተፍኬቱን ብቻ ይዛችሁ ከቀረባችሁ ግን ወጪ ሆኖ የሚያዘው 50,000 ነው። ጥቅሙ 35,000 ይሆንና ግብሩ 10,500 ይደርሳል። አንድ ወረቀት 3,600 ብር አወጣች ማለት ነው። ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ በኢሜይል ለራሳችሁ ላኩት፣ ዋናውን ከሠርተፍኬቱ ጋር አስቀምጡት፤ የደረሰኝ ቀለም በጊዜ ስለሚለቅ ፎቶው ዋጋ አለው።

ጸሐፊው በዚህ ክፍል ያስገቡት አንድ ዓረፍተ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳስበናል። «ውሉ ላይ ሠርተፍኬቱ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ብቻ ብታሰፍሩ ግብር አይመጣም» ይላል። የሕግ ጥሰት መሆኑ ሳያንስ ገዢውን የሚጎዳ ምክር ነው። ገዢው 85,000 ከፍሎ ውሉ ላይ 50,000 ከተጻፈ በሕግ ፊት ወጪው 50,000 ነው። ነገ በ95,000 ሲሸጥ ጥቅሙ 10,000 መሆን ሲገባው 45,000 ይሆናል። 3,000 ብር በመክፈል ፈንታ 13,500 ይከፍላል። ሻጩ የሸሸው ግብር ሳይጎድል ገዢው ላይ አረፈ። ውሉ ቢፈርስና ገንዘቡ ይመለስ ቢባልም በጽሑፍ የሚያስረዳው 50,000 ብር ብቻ ነው። ገዢ ከሆናችሁ በዚህ አትስማሙ። ሻጩ «የተለመደ ነው» ቢላችሁም አትስማሙ።

ስለ ዝውውሩ አካሄድ ጽሑፉ ምንም አይልም፤ ሰው የሚንገላታው ግን እዚያ ነው። ሻጩ በቅድሚያ ከኩባንያው የአክሲዮን ክፍል ደብዳቤ ይጠይቃል። ደብዳቤው የአክሲዮኑን ብዛት፣ የተከፈለውን መጠን፣ እግድ ወይም የብድር መያዣ አለመኖሩን መግለጽ አለበት። የአብዛኞቹ ባንኮች የአክሲዮን ክፍል አዲስ አበባ ነው፤ በባሕር ዳር ቅርንጫፍ በኩል መጠየቅ ቢቻልም ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት ጀምሩት። ሁለቱም ወገኖች የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) ሊኖራቸው ይገባል። ባለትዳር ሻጭ የትዳር ጓደኛውን ስምምነት፣ ያላገባ ደግሞ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይያዝ። ከዚያ እውነተኛው ዋጋ የሰፈረበት ውልና የግዢ ደረሰኞች ቀርበው ግብሩ ይሰላል፣ ይከፈላል፤ ውሉ በሚመለከተው አካል ይረጋገጣል፤ በመጨረሻ ዝውውሩ በኩባንያው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ደብዳቤው ለየትኛው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት እንደሚጻፍ ለአክሲዮን ክፍሉ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ አድራሻው የተሳሳተ ደብዳቤ ከባሕር ዳር ተመልሶ አዲስ አበባ ይሄዳል።

ሰው በብዛት የሚቆመው ከመጨረሻው ደረጃ በፊት ነው። ገንዘብ ተከፍሏል፣ በእጅ የተጻፈ ውል አለ፣ ሦስት ምስክር ፈርሟል፣ ግብሩ ግን ስላልተከፈለ መዝገቡ ላይ የሻጩ ስም እንዳለ ነው። በዚህ ጊዜ የትርፍ ድርሻው የሚገባው ሻጩ ሒሳብ ውስጥ ነው፣ የጉባኤው ጥሪም ለእሱ ነው። ሻጩ ቢሞት አክሲዮኑ በውርስ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ገዢው ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ይቆማል። ስለዚህ ገዢው ሙሉውን ክፍያ ስሙ መዝገብ ላይ ከመስፈሩ በፊት አይልቀቅ። ከፊሉን በባንክ ዝግ ሒሳብ አስቀምጦ ዝውውሩ ሲመዘገብ እንዲለቀቅ መዋዋል ይቻላል።

በአዲሱ ገበያ ላይ ለተመዘገቡ አክሲዮኖች፣ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው፣ መንገዱ ይለያል። ሽያጩ የሚያልፈው ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ባለው አገናኝ ድርጅት በኩል ስለሆነ ዋጋውና ቀኑ በሥርዓቱ ውስጥ ይቀራል። የአገናኙን የክፍያ ማስረጃዎችም እንደ ግዢ ደረሰኙ አስቀምጡ።

«በአክሲዮን ከከሰራችሁ ከደመወዝ ግብራችሁ ይቀነሳል»

አይቀነስም። በአክሲዮን የደረሰ ኪሳራ የሚቀናነሰው ከሌላ የምድብ «ለ» ጥቅም ጋር ብቻ ነው፤ ከደመወዝ፣ ከኪራይ፣ ከትርፍ ድርሻ፣ ከቤት ሽያጭ ጥቅም ጋርም አይገናኝም። ጽሑፉ ያልጠቀሰው ጥሩ ዜና ግን አለ፤ በዚያው ዓመት የሚቀናነስበት ጥቅም ከጠፋ ኪሳራው ሳይጠፋ ወደሚቀጥሉት ዓመታት ይሻገራል፣ ተካክሶ እስኪያልቅም ይቆያል። ዘንድሮ በአንድ አክሲዮን 15,000 ብር ኪሳራ ደርሶባችሁ በሁለተኛው ዓመት በሌላው 23,000 ብትጠቀሙ ግብሩ የሚሰላው በ8,000 ላይ ነው፤ 6,900 ሳይሆን 2,400 ብር ትከፍላላችሁ። ይህ የሚሆነው ግን የከሰራችሁበትን ሽያጭ በወቅቱ አሳውቃችሁ ማስረጃ ከያዛችሁ ነው። «ግብር ስለሌለበት ምን አገባኝ» ብሎ የኪሳራ ሽያጭን አለማሳወቅ በኋላ ያስከፍላል። ለወንድም ወይም ለባለቤት በርካሽ ሸጦ ኪሳራ ማስመዝገብም አይቻልም፤ ግንኙነት ላላቸው ሰዎች በተላለፈ ሀብት የደረሰ ኪሳራን ሕጉ አይቀበልም።

«ቤት ከማከራየት አክሲዮን ይሻላል፤ ኪራይ ላይ 35 በመቶ ይከፈላል»

ንጽጽሩ የተሠራው በተሳሳተ ቁጥር ነው። በመጋቢት 2017 35 በመቶ የመጨረሻው እርከን ነበር፤ ዓመታዊ ግብር የሚከፈልበት የኪራይ ገቢ ከ130,800 ብር ሲያልፍ ባለው ትርፍ ላይ ብቻ ያርፍ ነበር። መዝገብ የማይይዝ አከራይ ደግሞ ከጠቅላላ ኪራዩ ላይ ግማሹ ለጥገና፣ ለእድሳትና ለእርጅና ተብሎ ይቀነስለታል። በግሽ ዓባይ ወይም በሽምብጥ አንድ ቤት በወር 15,000 ብር ተከራይቶ ቢሆን የዓመቱ 180,000 ነው። ግማሹ ሲቀነስ 90,000 ይቀራል። ይህ በዚያን ጊዜው የ25 በመቶ እርከን ውስጥ ይወድቅ ስለነበር 22,500 ይሆናል፣ ከዚያ ላይ 6,780 ብር ተቀናሽ ይወጣል፤ ግብሩ 15,720 ብር ነበር። ከጠቅላላ ኪራዩ 9 በመቶ እንኳ አይሞላም። ቤቱን በባንክ ብድር ሠርቶ ወለዱ፣ ጥገናውና እርጅናው ከኪራዩ ግማሽ የሚበልጥበት ሰው ካለ መዝገብ ቢይዝ ያዋጣዋል፤ ያልበለጠበት ግን በግማሹ ተቀናሽ ይጠቀም።

ጸሐፊው «ሁሉንም ለፌዴራሉ ገቢዎች ቅርንጫፍ አሳውቁ» ያሉትም ኪራይን በሚመለከት አይሠራም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 በክልል ውስጥ ካለ የግል ቤት የሚገኝ ገቢ ግብር የክልሉ ነው። ባሕር ዳር ያለ ቤት ኪራይ የሚታወቀው ቤቱ ባለበት ክፍለ ከተማ የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው። የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ሰኔ ሳያልቅ ውላችሁንና የተቀበላችሁትን ኪራይ አሰናዱ።

ቤት መሸጥን በሚመለከት ለጥቅሙ 15 በመቶ መባሉ ትክክል ነው። በ2,000,000 የተገዛ ቤት በ2,600,000 ቢሸጥ 90,000 ብር ግብር አለበት፤ ስም ሲዛወር የሚከፈለው 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ከዚህ የተለየ ነው። ጽሑፉ የዘለለው ነገር፣ ለሁለት ዓመት ሙሉ በሙሉ ለግል መኖሪያነት የዋለ ቤት ሲሸጥ ይህ ግብር አይከፈልበትም። «ሙሉ በሙሉ» የሚለውን ልብ በሉ። በከተማችን ዋናው ቤት ውስጥ እየኖሩ ሰርቪሱን ለተማሪ ማከራየት የተለመደ ነው፤ እንዲህ ያለ ግቢ ሲሸጥ ነፃነቱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ለመሸጥ ያሰበ ሰው ይህን ከሁለት ዓመት በፊት ቢያስብበት ይጠቅመዋል።

ዕቁብና ውርስ

ዕቁብ የደረሰው ሰው የተቀበለው የራሱን መዋጮ ነው፤ ገቢ ስላልሆነ ግብር የለውም። በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ሀብትም በሠንጠረዥ «ሠ» ከግብር ነፃ ነው። ወራሹ አክሲዮኑን በኋላ ሲሸጠው ግን በጥቅሙ ላይ ይከፍላል፤ ስለዚህ ሟቹ የገዛበትን ደረሰኝ ከውርስ ሰነዶቹ ጋር ፈልጋችሁ አስቀምጡ።

«እስኪጠየቁ ድረስ አይክፈሉ»

ከጽሑፉ ምክሮች ሁሉ በፍጥነት መታረም ያለበት ይህ ነው። በአዋጅ 983/2008 ግብር ሳይከፈል አንድ ወር ሲሞላው ባልተከፈለው ላይ 5 በመቶ ቅጣት ይጨመራል፣ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ። አንድ ዓመት የዘገየ ሰው በዚህ ብቻ 27 በመቶ ተጨምሮበታል፤ ከላይ ባየነው 6,900 ብር ላይ 1,863 ብር ማለት ነው። ማሳወቂያ በወቅቱ አለማቅረብ ራሱን የቻለ ቅጣት አለው፣ 5 በመቶ እየተባለ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። በዚያ ላይ የባንኮች የማበደሪያ ምጣኔን መነሻ ያደረገ ወለድ ይታሰባል። የግብር ባለሥልጣኑ ቆይቶ ጠየቀም አልጠየቀም ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው መክፈል ከነበረባችሁ ቀን ነው።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን አሁንም እያባዙት ከሆነ ሦስት ነገሮች ከሚቀጥለው ቅጂ እንዲወጡ በአክብሮት እንጠይቃለን፦ ውል ላይ ዋጋ አሳንሱ የሚለው፣ እስኪጠየቁ ጠብቁ የሚለው፣ በመጋቢት 2017 ምጣኔው 30 በመቶ ሆኖ ሳለ አክሲዮን ሲሸጥ 15 በመቶ ነው ያለው። ሌሎቹ ስህተቶች ሰውን ያደናግራሉ፤ እነዚህ ሦስቱ ግን ገንዘብ ያስከፍላሉ። ያነበበው ሰው ደግሞ የሰኔ 30 የሒሳብ መዝጊያ ሳይደርስ የአክሲዮን ደረሰኞቹን ይቁጠር፤ የጠፋበት ካለ የከፈለበትን ቀንና የሒሳብ ቁጥሩን ይዞ ከሸጠለት ባንክ ቅርንጫፍ የክፍያ ማረጋገጫ መጠየቅ ይችላል።